ለአዳማ ልጆች፦ የወዳጅነት ውል ሲነበብ

ልጆቼ፣

ከተማችሁን አልፎ ወደ ጅቡቲ የሚወርደውን የከባድ መኪና ሰልፍ ስታዩ የአገራችሁን የውጭ ጉዳይ ፖሊሲ እያያችሁ ነው። የገቢና ወጪ ንግዳችን 90 በመቶ ገደማ በዚያ ወደብ ያልፋል። ትስስሩ እንዲህ ሲጠብቅ «ወንድማማች ሕዝቦች» የሚለው ንግግር ይበዛል። ዲፕሎማት መሆን የምትሹ፣ ንግግሩን ተዉትና ውሉን ክፈቱ።

መጀመሪያ ግሱን ፈልጉ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል 17ኛ አንቀጽ በአማርኛው፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር በኢጣሊያ በኩል መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። ኢጣሊያ ግን በራሷ ቅጂ ግዴታ አደረገችውና አገሪቱ በእጄ ናት አለች። መዘዙ እስከ ዓድዋ ደረሰ። የሚያሳዝነው፣ 19ኛው አንቀጽ ሁለቱ ቅጂዎች ፍጹም እንደሚስማሙ ያረጋግጣል! ስለዚህ ሁለት ሆናችሁ ተቀመጡ፤ አንዱ አማርኛውን ጮክ ብሎ ያንብብ፣ ሌላው የውጭውን ቋንቋ ቅጂ በጣቱ ይከተል። «ይችላል»፣ «አለበት»፣ «ይጥራል» በሚሉት ሥር አስምሩ። «ይጥራል» ማንንም አያስገድድም። «ጥቃት ሲደርስ ይመካከራሉ» ማለትም «ይረዳሉ» ማለት አይደለም።

ቀጥሎ የመውጫውን አንቀጽ እዩ፦ ውሉን ማን፣ ከስንት ወር ማስታወቂያ በኋላ ያፈርሰዋል? ክርክር ቢነሳስ የት ይዳኛል? ተደራዳሪ ሲደክመው የሚያልፋቸው እነዚህ የመጨረሻ ገጾች ናቸው።

ወዳጅነቱ ምን ጥቅም ላይ እንደቆመም መርምሩ። ሶማሊያ ከሶቪየት ኅብረት ጋር የወዳጅነት ውል የፈረመችው በ1966 ዓ.ም. ነበር፤ ኅዳር 1970 ቀደደችው። በዓመቱ ያንኑ ዓይነት ውል ከሞስኮ ጋር የፈረመችው ኢትዮጵያ ናት። እኛም ከ1945 ጀምሮ ከአሜሪካ ጋር የመከላከያ ስምምነት ነበረን፤ አስመራ የነበረው ቃኘው የተባለው የአሜሪካ ጦር የሬዲዮ መገናኛ ጣቢያ ጥቅሙ ሲቀንስ ወዳጅነቱም ሳሳ። ከዳን ብሎ ማዘን ይቻላል፤ እኔ ግን ጥፋቱ የጣቢያውን ዋጋ ቋሚ አድርጎ መገመት ይመስለኛል።

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 መሠረት አስፈጻሚው የተዋዋለውን ዓለም አቀፍ ስምምነት የሚያጸድቀው የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው፤ የጸደቀው በአንቀጽ 9 መሠረት የአገሪቱ ሕግ አካል ይሆናል። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ግን ብዙ ጊዜ የምታገኙት የማጽደቂያውን አጭር አዋጅ እንጂ ውሉን አይደለም። አዋጁን አንብባችሁ ውሉን ያነበባችሁ አይምሰላችሁ፤ ሙሉውን ቅጂ ከነአባሪዎቹ ጠይቁ። ክፍያውና የጊዜ ገደቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰፍረው አባሪው ላይ ነው።