እናታችሁንም ሒሳብ ጠይቁ

ልጆቼ፣

ደሴ ፒያሳ ላይ ስልክ ፊት ቆማችሁ ስትዘፍኑ አያችኋለሁ። ስልኩን ይዛ የምትቀርፀው ብዙ ጊዜ እናት ናት። ይህን የምጽፍላችሁ ያቺ እናት እኔ ስለነበርኩ ነው።

የጀመርኩት በ1970ዎቹ፣ በቀበሌ ኪነት ነው። የወሎ ላሊበላ ኪነት ስሙ ገንኖ፣ ማሪቱ ለገሠ አምባሰልን ስታወጣው ሬዲዮ ሥር ተኮልኩለን እንሰማ ነበር። እኔም በአምባሰል ታወቅሁ። ካሴት ሠርቼ ለአንድ ሙዚቃ ቤት ፈረምኩ፤ አንድ ጊዜ ተከፈለኝ፣ በቃ። ስንት እንደተሸጠ ዛሬም አላውቅም። ስወልድ መድረኩን ተውኩት፤ ዘፈኑ ግን ከሆዴ አልወጣም።

ልጄ 9 ዓመቷ ነበር። እንጀራ ስጋግር ያንጎራጎርኩትን ከጓሮ ሆና ስትመልሰው ሰማሁና ምጣዱን ትቼ ወጣሁ። የራሴ ድምፅ ነበር። ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ አሁንም አልክድም።

ከዚያ በኋላ ጥርና ሚያዝያ በመጣ ቁጥር ኮምቦልቻ፣ ሐርቡ፣ ሐይቅ፣ ከሰርግ ሰርግ መዞር ሆነ። ቀብድ የምቀበል እኔ፣ ከባንዱ ጋር የምስማማ እኔ፣ ግንባሯ ላይ የሚለጠፈውን ሽልማት ለቅሜ በነጠላዬ ጫፍ የምቋጥር እኔ። ቅላፄዋን የማርመውም እኔ ነበርኩ። በራሷ መንገድ ስትሄድ «እንዲህ አይደለም» እያልኩ ወደ እኔ እመልሳት ነበር። ታዳሚው «ቁርጥ እናቷን!» ሲል ደረቴ ይነፋል። እሷ ይህን ስትሰማ ፊቷን ታዞር እንደነበር ያየሁት ዘግይቼ ነው። የምትወደው ማሲንቆ ነበር። ጎረቤታችን ካሉ ሽማግሌ ዘንድ እየሄደች ትለማመድ ነበር። «ሴት ልጅ ማሲንቆ ስትመታ የት አይተሻል?» ብዬ አስቀረኋት። ከሠራሁባት ሁሉ ዛሬም እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው።

በ13 ዓመቷ ጉሮሮዋን ታመመች። ቀብዱ ግን ተበልቷል። ዝንጅብል በማር አፍልቼ አጠጣኋትና መድረክ ላይ አወጣኋት። አምባሰሉ ከፍ የሚልበት ላይ ስትደርስ ድምጿ ተሰነጠቀ። ሰው አዝኖላት አጨበጨበ። ቤት ስንገባ ጫማዋን እያወለቀች «ነገም አለ?» አለችኝ። «አለ» አልኳት።

18 ሲሞላት ደግሞ ጠየቀችኝ፦ «እማዬ፣ እስካሁን የሠራሁት በጠቅላላው ስንት ነው?» ዘጠኝ ወር በሆዴ ተሸክሜ ሒሳብ ትጠይቂኛለሽ ወይ ብዬ ጮህኩባት፤ አለቀስኩ፣ ጎረቤት አስታራቂ ገባ። ገንዘቡን አላባከንኩትም። ለጣሪያ ቆርቆሮ፣ ለወንድሞቿ ትምህርት፣ ለአባቷ ሕክምና ነው የዋለው። ግን አላማከርኳትም፣ አልጻፍኩትምም። ለቁጥሩ መልስ አልነበረኝም። ሙዚቃ ቤቱ በእኔ ላይ ያደረገውን እኔ በልጄ ላይ አድርጌዋለሁ።

ስለ ጃኪ ኩጋን የነገረችኝ እሷው ናት። በልጅነቱ ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር ፊልም ሠርቶ ዓለም ያወቀው አሜሪካዊ ነው። ለአካለ መጠን ሲደርስ እናቱና እንጀራ አባቱ ገንዘቡን ጨርሰውት አገኘ፤ ፍርድ ቤት ገተራቸው። በፈረንጆቹ 1939 ካሊፎርኒያ በዚሁ ምክንያት ሕግ አወጣች፤ ዛሬ እዚያ ልጅ ከሚያገኘው ቢያንስ 15 በመቶው በስሙ ተቀምጦ ይቆየዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ ልጅ እናቱን ሒሳብ መጠየቁ ነውር ነው። ነውሩ ግን ያኔ የጠቀመው እኔን ብቻ ነበር።

ስለዚህ ጠይቁ። በጨዋ ቋንቋ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ሆድ ሳይሻክር ገና በመጀመሪያው ሰርግ ጠይቁ። ደብተር ይገዛ፤ ቀብዱም፣ ሽልማቱም፣ የባንዱም፣ የትራንስፖርቱም ይጻፍበት። ባንክ በልጅ ስም፣ በወላጅ ፊርማ የቁጠባ ሒሳብ ይከፍታል። ለቤት መስጠት ከፈለጋችሁ ስጡ፤ እኔም ብትሰጡ ደስ ይለኛል፤ ስንት እንደሰጣችሁ ግን እወቁ። የዩቲዩብ ቻናሉ በማን ኢሜይል እንደተከፈተ፣ የይለፍ ቃሉም ማን ዘንድ እንዳለ እወቁ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ዘፋኙን ከዋኝ ብሎ ለ50 ዓመት የሚቆይ መብት ይሰጠዋል። እኔ ያን ካሴት ስፈርም እንዲህ ያለ ነገር የነገረኝ አልነበረም። እናንተ ሳታነቡ አትፈርሙ፤ እናታችሁ ስትፈርምላችሁም አብራችሁ አንብቡ።

እናንተ ወጣት እናቶችም፣ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብቡት። 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይቀጠርም ይላል፤ ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓትም አይሠራም። እናት ቀጣሪ አይደለችም ትሉኝ ይሆናል። እኔም እንደዚያ ስል ኖሬያለሁ፤ ልጄ ግን ሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ድምፅ ማጉያው ጀርባ ተኝታ ተራዋን ትጠብቅ ነበር።

ከዚያ ጭቅጭቅ በኋላ ለሁለት ዓመት ያህል ከሰላምታ ያለፈ አልተነጋገርንም። አንድ ክረምት ቁጭ ብዬ ከማስታውሰው፣ ከባንዱ ልጆችና ከሰርግ ባለቤቶች እየጠየቅሁ ሒሳቡን በዓመት በዓመቱ ጻፍኩት። የተረሳ አለበት፣ ትክክል ያልሆነም ይኖርበታል። ወስጄ ሰጠኋት። ገጽ በገጽ አነበበችው። ስትጨርስ እስክሪብቶ አነሳችና፣ እኔ የዘለልኩትን አንድ የሐይቅ ሰርግ በራሷ እጅ ጨመረችበት።

ደብተሩ አሁን እሷ ዘንድ ነው፤ ከማሲንቆዋ ጋር አንድ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሏል።