ተዝካሩ ከወጣ በኋላ የመጣ አባት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ በ1977 ዓ.ም. በብሔራዊ ውትድርና ሄዶ ኤርትራ ዘመተ። ከ1980 ዓ.ም. ወዲህ ወሬው ጠፋ። አያቴ "አፍአበት ላይ ሞቷል" ሲሏት ለቅሶ ተቀመጠች፣ ተዝካሩንም አወጣች። በ1983 ዓ.ም. ክረምት ግን በእግሩ መጣ። "ናደው እዝ ነበርኩ" ይላል፤ ከዚያ በኋላ ስላሉት ሦስት ዓመታት ትንፍሽ አይልም። አንድ ማታ "ተማርከህ ነበር እንዴ?" ብለው እራቱን ትቶ ወጣ። እናቴ "ተይው፣ አትነካኪው" ትለኛለች። አሁን ስልሳ ደፍኗል፣ ልቡም ይደክመዋል። ሳይነግረኝ እንዳይሄድ ፈራሁ። እንዴት ልጠይቀው?
ልጁ ነኝ፣ ከደሴ

መልስ፦ ልጄ፣ እናትሽ ግማሽ እውነት አላት። አትነካኪው ያለችሽ ቁስሉን አውቃ ነው። እኔ ግን ጠይቂው ባይ ነኝ፤ "ተማርከህ" የሚለውን ቃል ብቻ አትጥሪበት።

እኔም እዚያው ነበርኩ። በመጋቢት 1980 ዓ.ም. ከረን ላይ ጸሐፊ ነበርኩ። ጠመንጃ ተሰጥቶኛል፣ እጄ ላይ የሚውለው ግን እስክሪብቶ ነው። ቀን የደመወዝ ሊስት እሠራለሁ፤ ማታ መጻፍ ለማይሆንላቸው ልጆች በኩራዝ ደብዳቤ እጽፋለሁ። ሁሉም አንድ ዓይነት ነው፦ "ለጤናችሁ እንደምን ሰነበታችሁ፣ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።" ያለበትን ቦታ መጻፍ ክልክል ነው። ፈርቻለሁ የሚል ደብዳቤ አንድም አልጻፍኩም፤ ፈርቻለሁ ያለኝ ልጅ ግን ብዙ ነው።

ናደው እዝ የናቅፋን ግንባር ይዞ ከሻዕቢያ ምሽግ ጋር ለዓመታት የተፋጠጠ ጦር ነበር። የካቲት ላይ መንግሥቱ ኃይለ ማርያም መጥቶ የናደው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ተረሸኑ። ወሬው ከረን ሲደርስ ሰው ድምፁን ቀንሶ ነበር የሚያወራው። ወር ገደማ ቆይቶ፣ መጋቢት 8፣ ሻዕቢያ በሦስት አቅጣጫ መጣ። በሦስት ቀን ውስጥ አፍአበት ተያዘ። ሻዕቢያ 18 ሺህ ያህል ገድያለሁ፣ ማርኬያለሁ ብሎ አወጀ። ቁጥሩን ተይውና፣ እኔ ያየሁት ከረን በር ላይ ጫማ ሳይኖራቸው የሚገቡትን ነው። ስም እየጠራሁ በሊስቴ ላይ ምልክት አደርግ ነበር። ምልክት ያላገኘው ስም ይበዛል።

አሁን ወደ አባትሽ ዝምታ እንምጣ። አፍአበትን ለቆ ወደ ከረን ሲያፈገፍግ የነበረው የተሽከርካሪ ሰልፍ አድ ሽሩም ላይ ፊቱ ተመትቶ መንገዱ ተዘጋ። ታንክና መድፉ በሻዕቢያ እጅ እንዳይገባ ብሎ የገዛ አየር ኃይላችን ደበደበው። አባትሽ እዚያ ሰልፍ ውስጥ ይኑር አይኑር ከእሱ በቀር የሚነግርሽ የለም። ከነበረ ግን ከሰማይ የመጣበት የማን እንደሆነ ያውቃል፤ ያን ለልጅ በእራት ሰዓት መንገር ይከብዳል።

ሁለተኛው ምክንያት ቃሉ ራሱ ነው። ደርግ ወታደሮቼ ተማርከዋል ብሎ አያውቅም። በሬዲዮ ጠላቱ "ወንበዴ" ነው፤ ስለ ምርኮኛ ከወንበዴ ጋር መነጋገር ደግሞ ወንበዴውን እንደ ጦር መቁጠር ይሆንበታል። እኔ በያዝኩት መዝገብ "ተማረከ" የሚባል ቦታ አልነበረም። ቤተሰብ የሚሰማው ወሬ ብቻ ነው፤ አያትሽ ያን ሰምታ ንፍሮ ቀቀለች፣ ድግስ ደገሰች። በሌላ በኩል ሻዕቢያ በሺዎች የሚቆጠሩ ምርኮኛ ልጆች ሰሜን ኤርትራ፣ ሳሕል ተራራ ውስጥ ይዞ መንገድ ያስቆፍር ነበር፤ ከፊሎቹን በሱዳን በኩል ለቋቸዋል። አባትሽ በሕይወት እያለ በሁለት መዝገብ ጠፍቶ ነበር፤ በመንግሥቱም በእናቱም። "ተማርከህ ነበር?" ስትይው እጅህን ሰጠህ ወይ ያልሽው ነው የሚመስለው።

ስለዚህ በሌላ በር ግቢ። አባትሽ ትግርኛ ይሰማል? ከሰማ "ቋንቋውን የት ለመድከው?" በይው። ከሳሕል የተመለሱ የማውቃቸው ሰዎች ምስር ወጥ ሲቀርብ ወይ ይስቃሉ ወይ ሳህኑን ይገፋሉ፤ "ምን ትበሉ ነበር?" ብትይ የሚከፋ ጥያቄ አይደለም። ጫማ ጠይቂው። ውኃ ከየት ትቀዱ ነበር በይው። ማን አሸነፈ፣ ስንት ገደልክ፣ እነዚህን ተያቸው። ስልክሽን ጠረጴዛ ላይ አታስቀምጪ፤ የእኛ ዘመን ሰው የሚቀዳ ነገር ሲያይ ምርመራ ክፍል የገባ ይመስለዋል። እጁ ሥራ ላይ ሲሆን ይሻላል፣ አጥር ሲያጥር ወይ ቡና እየተወቀጠ።

እኔ ራሴ ይህን ያበላሸሁ ሰው ነኝ። አብሮኝ ያገለገለ ጓደኛዬ ከዓመታት በኋላ አዲስ አበባ ተገናኝተን፣ ቡናችንን እንኳ ሳንጨርስ "እስቲ ስለ ሳሕል ንገረኝ" አልኩት። ሂሳቡን ከፍሎ ሄደ። ዳግመኛ አልተገናኘንም።

አስመራ ለታጋዮቹ የሸዳ ጫማ ሐውልት አቁማለች፣ መቀሌም ለትግራይ ታጋዮች ያቆመችው ሐወልቲ አላት። አዲስ አበባ ላይ ያለው የትግላችን ሐውልት ለሶማሊያው ጦርነት ነው። በብሔራዊ ውትድርና ተይዞ ናቅፋ ለወረደ የወሎ ልጅ ግን ሄዶ የሚቆምበት ድንጋይ የለውም። በዚህ እናደዳለሁ፣ አልደብቅሽም።

ምናልባት ከሁሉ የሚቀለው የመጣበት ቀን ነው። አያትሽ በር ላይ ስታየው ምን አለች? ከተዝካሩ ድግስ ስለ በሉት ጎረቤቶች ራሱ ሲስቅ ልትሰሚው ትችያለሽ። ከሳቀ፣ ዝም ብለሽ አዳምጪ፤ ቀጣዩን ጥያቄ አትደርድሪበት።

አንድ ነገር ደግሞ ለራሴ ልለምንሽ። ከእናንተው አገር፣ ከወሎ የመጣ ልጅ ነበር፤ ናደው ከመፍረሱ በፊት ለግዳጅ ከረን መጥቶ ደብዳቤ ጻፍኩለት። "ደህና ነኝ" ካልኩ በኋላ ወረቀቱን ሳላጥፍ እጄን ይዞ "ቦራን እንዳትሸጡት በልልኝ" አለኝ። ቦራ በሬው ነው። ሊስቴ ላይ ስሙ ምልክት ካላገኙት አንዱ ነው። አባትሽ ማውራት ከጀመረ፣ መጀመሪያ አይደለም፣ ሦስተኛው ወይ አራተኛው ቀን ላይ፣ ስለ በሬው የሚያወራ ልጅ ያውቅ እንደሆነ ጠይቂልኝ። የልጁን ስም በግል ደብዳቤ እልክልሻለሁ።