ግራፌን የሚያቋርጠው መስመር ከየት መጣ?

ጥያቄ፦ ሰላም ጋሼ። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የደቻቱን ወንዝ ጎርፍ በሲሙሌሽን (በኮምፒውተር በማስመሰል) እየሠራሁ ነው። የ24 ሰዓት ፍሰት ነው፤ የውሃውን ከፍታ በየ0.1 ሰከንዱ ይመዘግባል። ሁለቴ አስኬጄው ውጤቱ አንድ ፋይል ውስጥ ገብቷል። ኤክሴል ሙሉውን አይከፍትልኝም። ግኑፕሎት የሚባለው የግራፍ መሣያ ፕሮግራም ሣለልኝ፣ ግን ከቀኝ ጫፍ ወደ ግራ የሚመለስ ቀጥ ያለ መስመር ግራፉን ያቋርጠዋል። ጓደኞቼ «ዳታሽን ቀንሺው» ይሉኛል። አቦ ግራ ገባኝ፤ ምን ላድርግ?
ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ

መልስ፦ እህቴ፣ አይዞሽ። መስመሩ የመጣው ከፋይሉ አቀማመጥ እንጂ ከስሌትሽ አይደለም።

24 ሰዓት በየ0.1 ሰከንዱ ሲመዘገብ 864,000 ረድፍ ይሆናል። ሁለቴ ሲሆን 1,728,000። ኤክሴል በአንድ ገጽ የሚይዘው 1,048,576 ረድፍ ብቻ ስለሆነ የሁለተኛውን አብዛኛውን ጥሎብሻል። ግኑፕሎት እንዲህ ያለ ገደብ የለበትም። ነገር ግን የመጀመሪያው 24ኛው ሰዓት ላይ አልቆ ቀጣዩ ረድፍ ከዜሮ ሲጀምር፣ ሁለቱን ነጥቦች ዝም ብሎ ያገናኛቸዋል።

በመሃላቸው አንድ ባዶ መስመር አስገቢ፣ እዚያ ላይ ይቋረጣል። ሁለት ባዶ መስመር ካስገባሽ ደግሞ እንደ ሁለት የተለያዩ ዳታዎች ይቆጥራቸዋል። ያኔ አንዱን ለብቻ መጥራት ትችያለሽ። ትእዛዙን እንደሚነበብ ልጻፍልሽ፦

ፕሎት 'ደቻቱ.ዳት' ኢንዴክስ 0 ዩዚንግ ($1/3600):2 ዊዝ ላይንስ

ሁለተኛው «ኢንዴክስ 1» ነው። በ3600 ያካፈልነው ሰከንዱ ወደ ሰዓት እንዲለወጥ ነው።

አሁን ወደ ጓደኞችሽ ምክር ልምጣ። «ኤቭሪ 600» ብትጪው ከ600 ረድፍ አንዱን፣ ማለትም በደቂቃ አንድ ነጥብ ብቻ ይወስዳል። ቀስ ብሎ ለሚሞላ ወንዝ ይሄ ምንም አይደል። ደቻቱ ግን እንደዚያ አይደለም። ከተማው ሳይዘንብበት ደጋው ላይ ዘንቦ ደረቁ አሸዋ በድንገት ውሃ ይሆናል። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ያኔ ልጅ ነበርኩ። ቀፊራ አካባቢ የጎረቤታችን ግድግዳ ላይ ጭቃው የተወው መስመር ከቁመቴ በላይ ነበር፤ እጄን ዘርግቼ ነው የነካሁት። ከዚያ በኋላ የጎርፍ ግራፍ ሳይ መጀመሪያ የምፈልገው ጫፉን ነው። ውሃው የት ድረስ ደረሰ? ነጥብ ስትዘይ መጀመሪያ የሚያመልጥሽ እሱ ነው። መከላከያ ግንብ የሚሠራ ሰው ደግሞ የሚያነበው ያንን ቁጥር ነው።

ስለዚህ ግራፉን በሁሉም ረድፍ ሥሪው። ላፕቶፕሽ ትንሽ ያስብ ይሆናል፣ ታገሺው። ምስሉን ፒኤንጂ በሚባለው የምስል ፋይል ዓይነት አውጪው፤ ኤስቪጂ የሚባለው ሌላው ዓይነት እያንዳንዱን ነጥብ ስለሚጽፍ ፋይሉ በጣም ያብጣል። ስትጨርሺ «አንሴት አውትፑት» ማለትሽን አትርሺ፣ አለበለዚያ ምስሉ ጎደሎ ሊሆን ይችላል። በግድ መቀነስ ካለብሽ ከየደቂቃው ከፍተኛውን ቁጥር መርጠሽ አስቀሪ።

በመጨረሻ «ስታትስ» የሚለውን ትእዛዝ የውሃው ከፍታ ባለበት በሁለተኛው ዓምድ ላይ አስኪጂው። ከፍተኛውን ቁጥር ይነግርሻል። ግራፍሽ ላይ ካለው ጫፍ ጋር ካልገጠመ፣ የሆነ ቦታ ረድፍ ጠፍቶብሻል ማለት ነው፤ ለአማካሪሽ ከመስጠትሽ በፊት ፈልጊው።