የተስተናገደውን ሳይሆን የመጣውን ቁጠሪ

ሰላም እህቴ፣ አብሽሪ። «ፓስፖርት አገልግሎት ላይ ቡድን መሪ ሆኜ ተመደብኩ። በቀን 150 ሰው እናስተናግዳለን፣ አሻራና ፎቶ የሚያነሱ 4 ባለሙያዎች አሉኝ፤ ለመጪው በጀት ዓመት ስንት ሰው ልጠይቅ?» ብለሻል። እኔ ፓስፖርት ላይ ሠርቼ አላውቅም፤ ግን እዚሁ ደሴ አሻራ በሚወሰድበት ሌላ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ 9 ዓመት ቆይቻለሁ።

መጀመሪያ 150ን ተጠራጠሪው። እሱ አቅማችሁ ነው እንጂ የመጣው ሰው ልክ አይደለም። እኛም የተስተናገደውን እየደመርን «ዕቅዱ ተሳክቷል» ስንል ከርመናል። እውነቱን ያገኘሁት ጥበቃው ዘንድ ነው። ተገልጋዩ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ ከደብተር በተገነጠለ ወረቀት ላይ ስሙን እየጻፈ ተራ ይይዛል፤ ማታ ወረቀቱ ይጣላል። ጥበቃውን ለምኜ የ1 ወሩን አስቀመጠልኝ። ሰኞ ሰኞ ስሙ ገጹን ሞልቶ ወደ ጀርባው ያልፋል፣ ሐሙስ ግማሽ ገጽ አይሞላም። ከወረኢሉ የመጡ የአንዲት እናት ስም ደግሞ 3 ቀን ተከታትሎ ተጽፏል። 3 ቀን ተመልሰዋል ማለት ነው! ያን ስም እስካሁን አልረሳሁትም። ስለዚህ ስትቆጥሪ ተመላሹን ከአዲሱ ለዪ፤ አለበለዚያ አንዱን ሰው 3 ታደርጊዋለሽ። በቀጠሮ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ ዛሬ ላመለከተ ሰው የሚገኘው የመጀመሪያው ክፍት ቀን ስንት ቀን እንደራቀ በየሳምንቱ መዝግቢ።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ በቀን የሚመጣው 150 ሰው ቢሆንና አንዱ 10 ደቂቃ ቢፈጅ፣ 25 የሥራ ሰዓት ነው። ባለሙያው በቀን 8 ሰዓት ሥራ ላይ ቢውልም ሲስተም ሲቋረጥ፣ ሻይ ሲባል፣ በእጁ የሚቀረው 6 ገደማ ነው። 4 ሰው 24 ሰዓት፤ 1 ሰዓት ጎደለ፣ በየቀኑ 6 ሰው ያድራል። ዓርብ የጁምዓ እረፍት ስላለ የሥራው ሰዓት 7 ነው፤ የቀረው 5 ቢሆን 30 ሰው ያድራል። የሳምንቱ 54 ሆነ። 5 ሰው ሥራውን ይሸፍናል፤ ፈቃድና ሕመም ስላለ ግን በድምሩ 6 እንዲሆኑ 2 ተጨማሪ ጠይቂ። የዓርብን ቀጠሮም ቀንሺ።

10 ደቂቃውንም በሰዓት ለኪው። ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ሲያርስ የኖረ ሰው የጣቱ መስመር ተፍቆ ማሽኑ ቶሎ አያነብለትም። እኛ በእርጥብ ጨርቅ እየጠረግን 4 እና 5 ጊዜ እንሞክር ነበር፤ እንዲህ ያለው ተገልጋይ ወረፋውን ሁሉ ያዘገያል።

ትንበያው ላይ የአምናን ግንቦት ከዘንድሮ ግንቦት ጋር ብቻ አታነጻጽሪ። የሂጅራ ዓመት ከእኛው በ11 ቀን ገደማ ስለሚያጥር ረመዳንና ሐጅ በየዓመቱ ይቀድማሉ፤ ለወሎ ይሄ ትንሽ ነገር አይደለም። ከ5 ዓመት በፊት ለ5 ዓመት የሰጣችሁት ፓስፖርት ዘንድሮ ለእድሳት ይመለሳል፤ መዝገቡ እጃችሁ ላይ ነው፣ በወር በወር አውጪው። ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሚደረግ ጉዞ ደግሞ በመንግሥት ውሳኔ ይዘጋል፣ ይከፈታል፤ በ2006 ዓ.ም. ታግዶ በ2010 ሲፈቀድ አይተናል። ይህን ያለፈው ዓመት ቁጥር አይነግርሽም፤ ከከተማው ሥራና ክህሎት መሥሪያ ቤት ጋር በየወሩ ተደዋወዪ።

ለ2 ሳምንት የጥበቃውን ወረቀት ሰብስቢና ሰዓት ይዘሽ 50 ሰው ለኪ። ያገኘሽውን እዚሁ ጻፊልኝ፣ የሰው ኃይል መጠየቂያ ደብዳቤሽ ከመውጣቱ በፊት አብረን እናሰላዋለን።