መልስ፦ የቫለንታይን ቀን ከየት መጣ? ለፍቅረኛዬስ በእጄ ምን ልሥራላት?

ወዳጄ፣ ቫለንታይን በ3ኛው ክፍለ ዘመን ሮም ውስጥ የተገደለ ሰማዕት ነው። ወታደሮችን በድብቅ ያጋባ ነበር የሚባለው ግን ኋላ የተጨመረ ተረት ነው፤ ብዙም አትመነው። ቀኑን ከፍቅር ጋር በማያያዝ ቀድሞ የሚጠቀሰው የ14ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊ ገጣሚ ቾሰር ነው። ወፎች በዚያ ቀን ተጓዳኛቸውን ይመርጣሉ ብሎ ጻፈ።

ለእጅ ሥራው የአስቴር ሃውላንድን ካርድ ሞክር። ሴትየዋ በ1840ዎቹ መጨረሻ አሜሪካ፣ ዉስተር ከተማ፣ ከእንግሊዝ የመጣ ካርድ አይታ ነው የቫለንታይን ካርድ መሥራት የጀመረችው። ጠንካራ ወረቀት ለሁለት እጠፍ፤ ቀይ ወረቀት ለጥፍበት። ከላይ ኬክ ሥር የሚነጠፈውን ዳንቴል መሳይ ወረቀት አድርግ። በቀዩ ወረቀትና በዳንቴሉ መሃል እንደ አኮርዲዮን የታጣጠፈች ቀጭን ወረቀት ጣል አድርግ፤ ዳንቴሉን ብድግ ታደርገዋለች። ውበቱ እሷ ላይ ነው። ሙጫ ግን አታብዛ፣ ይጨማደድብሃል።