መልስ፦ ለኤአይ ገንዘብ ላውጣ ወይ?

እህቴ፣ የአስጎብኚ ቢሮሽ ከፒያሳ ወደ አምባሳደር ከዞረ ወዲህ የውጭ ደንበኛ እንደቀነሰብሽና ለኤአይ (ለሰው ሠራሽ አስተውሎት) ገንዘብ ማውጣት ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀሻል። ብርሽን ያዢ። መጀመሪያ ጎግል ማፕን ክፈቺ። በ2016 ዓ.ም. ብዙው የፒያሳ ክፍል ሲፈርስ ስንቱ ቢሮ ቦታ ቀየረ! ካርታው ላይ ግን አሁንም እዚያው ያለ አለ። ባለፈው አንዲት ቱሪስት ስልኳን እያየች የፈረሰ ቢሮ ስትፈልግ አግኝቻት አንጀቴን በላችው። ማስተካከሉ በነፃ ነው።

ዛሬ ብዙ ተጓዥ «ላሊበላን በገና ሰሞን እንዴት ልጎብኝ?» ብሎ ቻትጂፒቲን፣ ጥያቄ የሚመልሰውን የኤአይ ፕሮግራም ነው የሚጠይቀው። እሱ ደግሞ የሚመልሰው ኢንተርኔት ላይ ከተጻፈው ተነስቶ ነው። ገጽሽ «ምርጥ አገልግሎት እንሰጣለን» ብቻ ካለ ምን ይወስዳል? ዘርዝረሽ ጻፊ። ገና በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 7 እንደሚውል፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማ እንደሚወለቅ፣ ዋጋሽ ምን ምን እንደሚያካትት። ይሄን ከአንቺ በላይ የሚያውቅ ማሽን የለም።

በአንቺ ፋንታ ከደንበኛ ጋር የሚጻጻፈው የኤአይ ፕሮግራም፣ ቻትቦት የሚሉት፣ ይቆይሽ። ለጊዜው ዋትስአፕ ቢዝነስ ይበቃሻል፣ እሱም በነፃ ነው። አሜሪካ ያለ ደንበኛ አንቺ ተኝተሽ ሳለ ቢጽፍልሽ «ጠዋት እንመልሳለን» ብሎ ራሱ ይመልስልሻል።