የሕፃኑ ዕንቁላል በሁዳዴ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የሁለት ልጆች እናት ነኝ። ታናሹ 14 ወሩ ነው፤ ገና ይጠባል። ታላቁ 8 ዓመት ሞልቶታል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታናሹን መዝና ክብደቱ አነሰባትና “ዕንቁላልና ወተት ጨምሪለት” አለችኝ። ጊዜው ሁዳዴ ነበር። አማቴ “በጾም የፍስክ ነገር እዚህ ቤት አይበስልም፤ ዕቃው ይረክሳል። በነነዌ ሕፃን እንኳ ጡት ተከልክሎ ጾሟል” አሉ። እሳቸውን ማስቀየም ፈርቼ ተውኩት። ታላቁን ደግሞ እስከ 9 ሰዓት አስጾምነው፤ ትምህርት ቤት ራሱን አዙሮት ዋለ። በማግስቱ ተደብቆ እንጀራ ሲበላ አገኘሁትና ገረፍኩት። አሁን ሁለቱም ነገር ከነከነኝ። የቱ ጋ ነው የበደልኩት?

መልስ፦ እኅቴ፣ መጀመሪያ ስለ ታናሹ ልንገርሽ፤ የእሱ ነገር ጊዜ አይሰጥም። የ14 ወር ሕፃን ጾም የለበትም። በቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ልጅ ጾም የሚጀምረው 7 ዓመት ሲሞላው ነው። ከዚያ በፊት ያለው ሕፃን ይጠመቃል፣ ይቆርባል፣ ይባረካል፤ በጾም ግን አይገደድም። ስለዚህ ሠራተኛዋ የነገረችሽን ማድረግ ጾም መሻር አይደለም። ዛሬውኑ ጀምሪ።

አማትሽ “ይረክሳል” ያሉት ከክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጾሙን አክብረው ነው። ነገር ግን ሥጋና ወተት፣ ዕንቁላልና ቅቤ የምንተወው ርኩስ ስለሆኑ አይደለም። ርኩስ ቢሆኑማ በትንሣኤ ሌሊት አመስግነን ባልፈሰክንባቸው! ሐዋርያው “እግዚአብሔር የፈጠረው ሁሉ መልካም ነው” ይላል (1ጢሞ 4፥4)። የምንተዋቸው ፈቃዳችንን ለመግዛት፣ ሥጋችንን ለነፍሳችን ለማስገዛት ነው። የ14 ወር ሕፃን ምን የሚገዛው ፈቃድ አለው? ዕቃው ካሳሰባቸው ደግሞ አንዲት ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለሕፃኑ ብቻ ለይታችሁ አስቀምጡ። ይህ ሸክም አይደለም፤ የቤቱንም ሰላም ይጠብቃል።

የነነዌን ነገር ግን በደንብ እንየው፤ ብዙ እናቶች የሚጨነቁት በዚህ ነው። እውነት ነው፣ የነነዌ ሰዎች ከታላቁ እስከ ታናሹ ማቅ ለብሰዋል፤ እንስሶቻቸው እንኳ ጾመዋል። ያ ግን ከተማዋ ልትጠፋ ቀን ተቆርጦላት ሳለ የተደረገ የጭንቅ ልመና ነው፤ እኛም መታሰቢያውን የምንጾመው 3 ቀን ነው። የአንቺ ልጅ ከዕንቁላል የሚለይበት ግን ለ55ቱ የሁዳዴ ቀናት ብቻ አይደለም። ረቡዕንና ዓርብን፣ የነቢያትን፣ የሐዋርያትን፣ ፍልሰታንም ደምሪበት። በዓመት ከ180 ቀን በላይ ነው። ገና አጥንቱ ለሚጸናና አእምሮው ለሚበስል ልጅ ይህ የዕድሜው እኩሌታ ማለት ነው። ደግሞም የዮናስን መጽሐፍ መጨረሻውን አንብቢው። እግዚአብሔር ነነዌን የማረበትን ምክንያት ለነቢዩ ሲነግረው፣ ቀኛቸውንና ግራቸውን የማይለዩ ከ120 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች እንዳሉባት ነው የጠቀሰለት (ዮና 4፥11)። ቀኝና ግራውን ካልለየ ሰው ጋር ሕፃን ከሌለ ማን አለ? እንግዲህ በነነዌ ታሪክ ሕፃን ማስራብ፣ አምላክ ያዘነለትን መልሶ ማስጨነቅ ይሆናል።

ሐናንም አስቢያት። ሳሙኤልን በስእለት ያገኘች እናት ናት። ባሏ ሕልቃና ለዓመቱ መሥዋዕት ወደ ሴሎ ሲወጣ፣ እሷ “ሕፃኑ ጡት እስኪጥል አልወጣም” ብላ ቤቷ ቀረች፤ ባሏም ደስ ያሰኘሽን አድርጊ አላት (1ሳሙ 1፥21-23)። ልጇን እያጠባች ከመሥዋዕቱ ብትቀር እግዚአብሔር አልተቀየማትም። አንቺም የምታጠቢ ነሽና፣ ስለ ጾምሽ ሰዓት ከንስሐ አባትሽ ጋር ተመካከሪ፤ ጡትሽ ሲነጥፍ ዝም ብለሽ አትቻይ። የሐዋርያት ቀኖናም ጾምን ሲያዝ በሥጋ ድካም የተከለከለውን ለይቶ ነው።

ይህን የምለው እንዲያው አይደለም። በ2019 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ከ5 ዓመት በታች ካሉ 100 ልጆች 37ቱ ቀንጭረው ተገኝተዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው፤ ድህነት አለ፣ ተቅማጥ አለ፣ ንጹሕ ውኃ ማጣት አለ። ግን ዕንቁላሉ ቤት ውስጥ እያለ ለልጁ የማይደርስ ከሆነ፣ ያንን የምንጠየቅበት እኛ ነን። በክክና በምስር፣ በለውዝና በሰሊጥ የሚሠራ ገንፎም ለሕፃን መልካም ነው፤ አክይለት። ቫይታሚን ቢ 12 የሚባለው ግን ከእንስሳት ከሚገኝ ምግብ ውጭ በተፈጥሮ አይገኝም፤ ለደሙና ለአእምሮው ያስፈልገዋል።

ወደ ታላቁ ልመለስ። 8 ዓመት ሆኖታልና መለማመዱ ተገቢ ነው። ስህተታችሁ ጭነቱ ላይ ነው። ልጅ መጀመሪያ የጾም ምግብ እየበላ ይጹም። ከዚያ ቁርሱን ወደ 3 ሰዓት፣ ሌላ ዓመት ወደ 6 ሰዓት እያላችሁ በንስሐ አባታችሁ ምክር ቀስ በቀስ አሳድጉት። ቅዳሜና እሑድ ከቀዳም ሥዑር በቀር በረኃብ አይጾምም፤ በሌላው ቅዳሜና እሑድ በጠዋት ይብላ። ፈተና ወይም ሕመም ካለበት ይቅር።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው መግረፍሽ ነው። ልጁ ተደብቆ የበላው ስለራበው ነው፤ የተደበቀው ግን አንቺን ስለፈራ ነው። ዳግመኛ ሲርበው የሚማረው መጾምን ሳይሆን አሳምሮ መደበቅን ነው። ሐዋርያው “ልጆቻችሁን አታስቈጡአቸው” ሲል (ኤፌ 6፥4) እንዲህ ያለውንም ያያል። ዛሬ ማታ ጎንሽ አስቀምጪውና “ያኔ መግረፌ ስህተት ነበር፣ ይቅር በለኝ” በይው። እናት ልጇን ይቅርታ ብትጠይቅ ክብሯ አይቀንስም። ከዚያ “እስከ ስንት ሰዓት ትችላለህ?” ብለሽ ጠይቂውና እሱ ያላትን ሰዓት ተቀበይው። “ጾም ገዳፊ” የሚል ስም በቤታችሁ አይሰማ።

ይህን መልስ ለአማትሽም አንብቢላቸው፤ ክርክር አታድርጊው። ድስቷን ራሳቸው ይምረጡ። ዕንቁላሉ ሲበስልም ለሕፃኑ የመጀመሪያውን ጉርሻ እሳቸው እንዲያጎርሱት ለምኛቸው።